ብርሃን የማይመግባቸው ኮራሎች፦ ለቤት አኳሪየም የትኛው ይሻላል?

በአኳሪየም መሸጫ ሱቆች ውስጥ፣ ሰማያዊ መብራት ከሚንቦገቦግባቸው ገንዳዎች ራቅ ብሎ፣ ደብዘዝ ባለ ጥግ ላይ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የደመቁ ብርቱካናማ፣ ቀይና ቢጫ ኮራሎች ተቀምጠው ይታያሉ። ሻጩም "እነዚህ መብራት አይፈልጉም" ብሎ እንደ ምሥራች ይናገራል። ንግግሩ ሐሰት የለበትም፤ ግን የተናገረው ግማሹን ብቻ ነው። መብራት የማይፈልግ ኮራል፣ መብራት ለሌሎቹ የሚሠራውን ሥራ ገዢው በገዛ እጁ እንዲሠራለት ይጠብቃል።

በቤት ውስጥ የሚያዙት አብዛኞቹ ኮራሎች በሥጋቸው ውስጥ ዞዛንቴላ የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎችን አስጠግተው ይኖራሉ። አልጌዎቹ በብርሃን አስተፃምሮ ካዘጋጁት ምግብ አብዛኛውን ለአስጠጊያቸው ስለሚያካፍሉ፣ እንዲህ ያለው ኮራል ባለቤቱ ለሳምንታት ምንም ባይሰጠው እንኳ መብራቱና ውኃው እስከተስተካከለ ድረስ ብዙም አይጎዳም። እዚህ የምንነጋገርባቸው ግን እነዚህ ጥገኞች የሏቸውም። በዋሻ ጣሪያ፣ በገደል ጥላ ሥርና ብርሃን በሳሳበት ጥልቀት ስለሚኖሩ ሲሳያቸው የውኃው ፍሰት የሚያመጣላቸው ፕላንክተን፣ ማለትም በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት ነው። ነገሩ ለእኛም ጨርሶ እንግዳ አይደለም፤ በአንገት ጌጥነቱ የምናውቀው ቀይ መርጃን ራሱ በሜዲትራኒያን ባሕር ጥላማ ዓለቶች ላይ የሚያድግ፣ አልጌ የሌለው ኮራል ነው።

የአፉ ስፋትና የባለቤቱ ሰዓት

ከእነዚህ ኮራሎች መካከል ሲመረጥ በቀለም መጀመር ብዙዎችን ያሳሳተ መንገድ ነው፤ እኔንም ጨምሮ። ሊቀድም የሚገባው ጥያቄ ኮራሉ የሚውጠው ምግብ ምን ያህል መጠን አለው የሚለው ነው። የምግቡ መጠን ባነሰ ቁጥር የሚሰጥበት ጊዜ ይበዛል፣ ውኃውም በዚያው ልክ ይቆሽሻል። በረዶ ሆኖ በየሱቁ የሚሸጠው ማይሲስ የተባለው ሽሪምፕ መሰል ፍጥረት በሚሊ ሜትር የሚለካ፣ በዓይን የሚታይና በመቆንጠጫ ሊያዝ የሚችል ምግብ ነው። አርቴሚያ የተባለው ትንሽ የጨዋማ ውኃ ሽሪምፕ መሰል ፍጥረት አዲስ ሲፈለፈል ከ400 እስከ 500 ማይክሮን፣ ማለትም ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ሮቲፈር የተባለው ደቃቅ የውኃ እንስሳ ከ100 እስከ 300 ማይክሮን ሲሆን፣ በጠርሙስ የሚሸጠው ናኖክሎሮፕሲስ የተባለ አረንጓዴ ፋይቶፕላንክተን (ተንሳፋፊ ደቃቅ አልጌ) ግን 2 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው።

ማይሲስ የሚበላ ኮራል በሳምንት ሦስት ጊዜ ተመግቦ ጤናማ ሆኖ ይኖራል፤ በፋይቶፕላንክተን የሚኖረው ግን ቀንም ሌሊትም ምግብ ያዘለ ውኃ ሳይቋረጥ እንዲያልፍበት ይፈልጋል። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሰው ለመጀመሪያው ይበቃል፤ ለሁለተኛው ግን ማሽን ካልገዛ በቀር አይበቃም። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በሙሉ በዚህ መስፈሪያ የተለካ ነው።

የፀሐይ ኮራል

ስሙ ምጸት ነው፤ "የፀሐይ ኮራል" የሚባለው ፀሐይን የማይሻው ቱባስትሪያ ነው። ስያሜውን ያገኘው ከአበባ መሰል ብርቱካናማና ቢጫ ፖሊፖቹ፣ ማለትም አፍና እጆች ካሏቸው የኮራሉ ትንንሽ አካላት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፖሊፕ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። ይህ ስፋት ነው ለጀማሪ ተመራጭ የሚያደርገው፤ ማይሲስን በሙሉ፣ አንዳንዴም ከተፍ ተደርጎ የተሰጠ የሽሪምፕ ሥጋን ይውጣል። ሲውጥም ይታያል፤ ባለቤቱ መብላት አለመብላቱን መገመት አያስፈልገውም። ከሌሎቹ ሁሉ የሚለየውም ይኸው ነው፤ ስህተት ቢሠሩ ስህተትዎን በዚያው ምሽት ያሳይዎታል።

አድካሚው ነገር በአንድ ድንጋይ ላይ ያሉት ሠላሳና አርባ ፖሊፖች የየራሳቸው አፍ ያላቸው መሆኑ ነው። ጎረቤታሞቹ በሥጋ የተያያዙ ቢሆኑም አንዱ በልቶ ሌላውን ያጠግባል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ተዘለው የከረሙ ፖሊፖች ከዳር ጀምሮ ሥጋቸው ይሸሽና ነጭ አጽማቸው ይገለጣል፣ በተገለጠው አጽም ላይም አልጌ ይበቅላል። ስለዚህ በፒፔት (በመምጠጫ ቱቦ) እየዞሩ ለእያንዳንዱ ማጉረስ ግድ ይሆናል። አንድ መካከለኛ ድንጋይ ለመመገብ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጅብኛል።

የመጀመሪያዬን የገዛሁት እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ከአንድ ሱቅ ነበር። ሻጩ "ማታ ማታ ይከፈታል" አለኝ፤ እኔም አመንኩት። አሥር ሌሊት ሙሉ የእጅ ባትሪ ይዤ ብጠብቅ አንድም ፖሊፕ አልከፈተም። በኋላ እንደገባኝ፣ በሱቁ ውስጥ ሳለ ለሳምንታት የመገበው ሰው አልነበረም፤ የተራበ የፀሐይ ኮራል ደግሞ ለመክፈት የሚያወጣውን ጉልበት እንኳ ይሰስታል። መፍትሔው ውድ አልነበረም። የሁለት ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጬ፣ ክዳኑን ከፍቼ፣ ድንጋዩ ላይ እንደ አገልግል ክዳን ደፋሁበት። ፓምፖቹን አጠፋሁና በጠርሙሱ አፍ በኩል ማይሲስ የቀለጠበትን ውኃ ጥቂት ጠብታ ጨመርኩ። ሽታው ተይዞ ስለሚቆይ ኮራሉ ምግብ በአካባቢው እንዳለ ይረዳል። በየምሽቱ በተመሳሳይ ሰዓት ይህን እየደጋገምኩ በአምስተኛው ምሽት ከአንዱ ፖሊፕ ጠርዝ እንደ ክር የቀጠኑ፣ ብርሃን የሚያስተላልፉ ቢጫ እጆች ብቅ ብቅ አሉ፤ አንዲት ማይሲስ ስጥልበት እጆቹ ወደ ውስጥ ተጠቀለሉ። ከወር በኋላ ከሥራ ገብቼ መብራት ሳበራ ተከፍቶ የሚጠብቀኝ ሆነ። ጠርሙሱን ዛሬም አልጣልኩትም፤ ምግቡን ለመስረቅ የሚመጡትን ዓሦችና ሽሪምፖች ይከለክልልኛል። በተለይ ዓሣ አጽጂ የሚባለው ሽሪምፕ ፖሊፑ የዋጠውን ምግብ ከሆዱ ውስጥ ሳይቀር እየጎተተ ያወጣል፤ ፖሊፑንም ያቆስላል።

በዚሁ ወገን ውስጥ ምርጫ አለ። ብርቱካናማዎቹ ለጀማሪ የሚስማሙ ናቸው። ቱባስትሪያ ሚክራንተስ የተባለው፣ እንደ ዛፍ የሚቀረነጨፍና ጥቁር አረንጓዴ የሆነው ዝርያ ግን ፖሊፖቹ ትንንሽ በመሆናቸው አነስ ያለ ምግብ፣ ጠንከር ያለ የውኃ ፍሰትና ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሁለቱ አንድ ዋጋ ቢጠየቅባቸው እንኳ እኔ ብርቱካናማውን እመርጣለሁ። ዘመዳቸው ዴንድሮፊሊያ ፖሊፖቹ ተራርቀውና ረዝመው ስለሚወጡ ለማጉረስ ይቀላል፣ ጤናማ ሆኖ ከተገኘ ከብርቱካናማው ቱባስትሪያ ባያንስ ነው። ጥሩ የተመገበ የፀሐይ ኮራል እጭ እየለቀቀ በገንዳው መስታወትና ድንጋይ ላይ ይራባል፤ ከሌላ ሰው ገንዳ የተራባ ቁራጭ ማግኘት ከተቻለ ከባሕር ተለቅሞ ከመጣው አስቀድሞ መያዝ ያለበት እሱ ነው።

አንድ የተለመደ ስህተት እዚህ ላይ ላርም። የፀሐይ ኮራል ብርሃን "አይችልም" የሚባለው ትክክል አይደለም። ብርሃን አይጎዳውም፤ የሚጎዳው በብርሃኑ ምክንያት ባዶ አጽሙ ላይ የሚበቅለው አልጌ ነው። ጥላ ሥር ማስቀመጥ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ቺሊ ኮራል

ሥጋማ፣ ጣት ጣት የሚመስልና እንደ በርበሬ የቀላ ለስላሳ ኮራል ነው፤ ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። ቀን ተኮማትሮ ይውላል፣ ጨለማ ሲሆን ይከፈታል። በተፈጥሮው ከዋሻ ጣሪያ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ስለሚኖር በገንዳ ውስጥም ከድንጋይ ጉልላት ሥር ገልብጦ ማሰር ይሻላል፤ እንዲህ ሲሆን ደለል አይጠራቀምበትም። ፖሊፖቹ ትንንሽ በመሆናቸው ማይሲስ አይውጡም፤ አርቴሚያ፣ ሮቲፈርና የደቀቀ ምግብ በየቀኑ ይፈልጋሉ። ችግሩ ሲራብ ቶሎ አለመናገሩ ነው፦ ወራት ወስዶ እያነሰ፣ እየጠበበ ይሄዳል፤ ባለቤቱ የሚነቃው ግማሽ ሲሆን ነው። ከፀሐይ ኮራል ቀጥሎ ሊሞከር የሚችል ነው፤ ከእሱ በፊት ግን አይደለም።

ጎርጎኒያ

ጎርጎኒያዎች እንደ ቁጥቋጦ ወይም እንደ ማራገቢያ የሚያድጉ፣ ውስጣቸው እንደ ቀንድ የሚታጠፍ አጽም ያላቸው ኮራሎች ናቸው። ሁሉም አልጌ አልባ አይደሉም፤ በሱቅ ውስጥ ሁለቱ ወገኖች ጎን ለጎን ሲሸጡ አይቻለሁ። በአመዛኙ ሐምራዊ ወይም ግራጫ ሆነው ቡናማ ፖሊፕ ያላቸው በብርሃን የሚኖሩት ሲሆኑ፣ ቀይ፣ ቢጫና ብርቱካናማ ሆነው ነጭ ፖሊፕ ያላቸው ምግብ ፈላጊዎቹ ናቸው። ቡናማው ቀለም የአልጌው ቀለም ነውና ይህ ምልክት ብዙ ጊዜ ይሠራል። ጥላማ ገንዳ የሌለውና በየቀኑ መመገብ የማይችል ሰው የጎርጎኒያን ቅርጽ ከወደደ፣ ቡናማ ፖሊፕ ያለውን ገዝቶ በሰላም ቢኖር ይሻለዋል።

ከምግብ ፈላጊዎቹ መካከል በካሪቢያን ባሕር የሚገኘው ዲዮዶጎርጊያ ከሌሎቹ ይልቅ ታጋሽ ነው። ቅርንጫፎቹ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ቢጫ፣ ፖሊፖቹ ነጭ ሲሆኑ፣ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ ይይዛሉ። ሰማያዊ ፖሊፕ ያላቸው ጎርጎኒያዎች ግን፣ ፎቶግራፋቸው ምንም ያህል ቢያማልል፣ በጣም የደቀቀ ምግብ ያለማቋረጥ ስለሚፈልጉ ብዙ ሰው እጅ ላይ በጥቂት ወራት ይሞታሉ። ሁለቱ አንድ ስም ስላላቸው ብቻ አንድ ዓይነት አያያዝ ይበቃቸዋል ብሎ መግዛት ለብዙ ገንዘብ መባከን ምክንያት ሆኗል።

በግዢ ጊዜ የቅርንጫፎቹን ጫፍና ሥር መመልከት ያስፈልጋል። ጥቁር ወይም ቡናማ ሽቦ መሳይ አጽም ከተገለጠ ሥጋው መሸሽ ጀምሯል ማለት ነው። ጉዳቱ ትንሽ ከሆነ የተበላሸውን ክፍል ጤናማው ድረስ ቆርጦ ማስወገድ ያድናል፤ መሃሉ ላይ ከሆነ ግን ሻጩ ግማሽ ዋጋ ቢልዎትም ይለፉት። ደግሞም ፖሊፖቹ ሳይከፈቱ አይግዙ። ሻጩ ምግብ ጨምሮ እንዲያሳይዎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ይህን ጥያቄ የሚጠላ ሻጭ መልሱን ሰጥቶዎታል።

አመጋገቡን በእጅም በማሽንም ማድረግ ይቻላል። በእጅ የሚመግብ ሰው ጠዋትና ማታ፣ ቢቻል ሦስቴ፣ አርቴሚያ በፍሰቱ ላይ ይለቃል። አርቴሚያውን ራስ መፈልፈል ቀላል ነው፦ ጨዋማ ውኃ፣ የአየር ፓምፕ፣ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና አንድ ቀን ያህል ጊዜ ይበቃል። ይሁን እንጂ ከእንቁላሉ ይዞት የወጣውን ስንቅ ሳይጨርስ፣ በተፈለፈለበት ቀን ቢሰጥ ነው የሚጠቅመው። ማሽኑ ደግሞ በሰዓት ቆጣሪ የሚሠራ የመጠን ፓምፕ ሲሆን፣ ምግቡ ከትንሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ በቀጭን ቱቦ እየተመጠነ ይወርዳል። ማሽን ገዝቶ መገላገል ይቻላል ብዬ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ቱቦው ውስጥ የቀረው ምግብ በሁለት ሦስት ቀን ይበሰብስና ሽታው ቤት ያስለቅቃል። በየሳምንቱ ቱቦ የማያጥብ ሰው በእጁ ቢመግብ ይሻለዋል።

የካርኔሽን ኮራል፦ የሚያምረውና የማይገዛው

ዴንድሮኔፍቲያ የሚባለው ይህ ኮራል፣ ግልጽ መስታወት በሚመስል ግንድ ላይ ሐምራዊ፣ ቀይና ብርቱካናማ ዘለላዎች የተሰካኩበት፣ በቀይ ባሕር ጠላቂዎች አጥብቀው የሚወዱት ፍጥረት ነው። በዚያ ባሕር የሚገኘው አንዱ ዝርያ የሄምፕሪኽን ስም ይዟል፤ ሄምፕሪኽ ከባልደረባው ከኤረንበርግ ጋር የቀይ ባሕርን ፍጥረታት ሲያጠና ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1825 ምጽዋ ላይ ያረፈው ጀርመናዊ ነው። ይኸው ዝርያ ምን እንደሚበላ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1995 ሳይንስ በተባለው መጽሔት በወጣው ጽሑፍ፣ ዋናው ምግቡ ፋይቶፕላንክተን መሆኑ ታወቀ። ከዚያ በፊት አርቴሚያ እያፈሰሱለት ለምን እንደሚሞትባቸው ግራ የገባቸው ሁሉ መልሱን አገኙ፤ መልሱን ማወቅ ግን ኮራሉን ለማቆየት አልበቃም።

ምክንያቱም ችግሩ ሁለት ነው። ኮራሉ ማደግ የሚችለው ጠንካራና የማያቋርጥ ፍሰት ባለበት ስፍራ ነው፤ በባሕር ውስጥ በየደቂቃው አዲስ ውኃ ከነምግቡ ያልፍበታል። በቤት ገንዳ ውስጥ ያን ያህል ፋይቶፕላንክተን ሳያቋርጡ ከጨመሩ ውኃው በቀናት ይበላሻል፤ ካልጨመሩ ኮራሉ ይራባል። ገንዳውን እንደ ቤተ ሙከራ የሚያስተዳድሩ ጥቂት ሰዎች ተሳክቶላቸዋል። በተራ ገንዳ ውስጥ ግን ከጥቂት ሳምንት እስከ ጥቂት ወር እየሟሟ ይቆይና ያልቃል። ዘመዱ ስክለሮኔፍቲያ በመጠኑ ይሻላል ይባላል፤ እኔ ግን ሁለቱንም ለቤት አልመክርም፣ ርካሽ ሆነው ሲሸጡ ደግሞ የበለጠ አልመክርም።

ውኃው የሚከፍለው ዋጋ

የመብራት ወጪ መቅረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወጪው ስፍራ ቀየረ እንጂ አልቀረም። የማይበላ ምግብ ሁሉ ውኃውን ወደሚያቆሽሹት ናይትሬትና ፎስፌት ይለወጣል። ስለዚህ ለገንዳው መጠን ከሚበቃው ከፍ ያለ ስኪመር (በአረፋ ቆሻሻን ከውኃው የሚለይ መሣሪያ)፣ አልጌ የሚበቅልበት ተጨማሪ ክፍልና የማይታለፍ የሳምንት የውኃ ለውጥ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ባለ 100 ሊትር ገንዳ በሳምንት 20 በመቶው ቢለወጥ 20 ሊትር የተጣራ ውኃና 700 ግራም ያህል የባሕር ጨው ይጠይቃል፤ በዓመት ሲደመር ከ36 ኪሎ ግራም በላይ ጨው ነው። ጨዋማነቱ በሺህ 35፣ ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ለሁሉም ይስማማል። በምግብ ሰዓት ስኪመሩን ማጥፋት ይጠቅማል፤ ረስቶ ማደር ግን አደጋ ነው። እኔ ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሱ በሚያበራ ቆጣሪ ላይ ሰክቼዋለሁ።

ለብቻው ገንዳ ይሻላል ወይስ ከሌሎች ኮራሎች ጋር? ለአንድ የፀሐይ ኮራል የሚጨመረው ምግብ ጥቂትና የሚታይ ስለሆነ ከሌሎች ጋር መኖሩ አይጎዳም፤ የተረፈውን በፒፔት መልሶ መምጠጥ ይቻላል። ጎርጎኒያና ቺሊ ኮራል ግን ምግባቸው በውኃው ሁሉ ስለሚበተን፣ ንጹሕ ውኃ ከሚሹ ባለ አጽም ኮራሎች ጋር ሲኖሩ ከሁለቱ አንዱ መከፋቱ አይቀርም። ለእነዚህ፣ ዓሣ የሌለበት የተለየ ገንዳ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ስለ ሕጉ ባጭሩ፦ የፀሐይ ኮራል እንደ ሌሎቹ ባለ ድንጋይ አጽም ኮራሎች ለመጥፋት የተጋለጡ ፍጥረታትን ንግድ በሚቆጣጠረው ሳይተስ (CITES) የተባለ ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስለሚገኝ ድንበር ሲሻገር ፈቃድ ይፈልጋል። በእስራኤል የምትኖሩ ደግሞ በኤላት ዳርቻ የሞተ ኮራል እንኳ ማንሳት በሕግ የተከለከለ መሆኑን ታውቁታላችሁ። የተረፈንን ወደ ባሕር መጣልም እንዲሁ ሊታሰብ አይገባም። የፓስፊኩ ቱባስትሪያ ኮክሲኒያ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በካሪቢያን ባሕር ከታየ ወዲህ እስከ ብራዚልና ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ተስፋፍቶ የአገሬውን ፍጥረታት ስፍራ እየነጠቀ ነው።

አገር ቤት ለሚሄድ ሰው

ለብዙዎቻችን ምርጫውን የሚቆርጠው ጉዳይ ይህ ሊሆን ይችላል። ለገና ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ የሚከርም ሰው ማንን ትቶ ይሄዳል? የካርኔሽን ኮራል ያለው ሰው አይሄድም። ጎርጎኒያ ያለው በየቀኑ የሚመጣ፣ አርቴሚያ መፈልፈል የሚችልና የማሽኑን ጠርሙስ የሚሞላ ሰው ያስፈልገዋል፤ እንዲህ ያለ ወዳጅ ካለዎት ጥሩ። የፀሐይ ኮራል ግን ከጉዞው በፊት ሁለት ሳምንት በየምሽቱ ከተመገበ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ቢያገኝ ቢከሳ እንጂ አይሞትም፤ ሲመለሱ በወር ውስጥ ያገግማል።

እኔ የምሄደው ለጎረቤቴ ቁልፍ ሰጥቼ ነው። ማይሲሱን በሦስት ትንንሽ ከረጢት መጥኜ ቀን እጽፍባቸውና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ የቀረውን ፓኬት ግን ደብቄ ነው የምሄደው። ዓሦቹ መስታወቱ ጋ መጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ አንጀቷ የማይችልላት ደግ ሴት ናትና፣ ከኮራሉ ረሃብ ይልቅ የሚያሰጋኝ የእሷ ርኅራኄ ነው።